ቁምሳጥኑን ከፍራንክፈርት ወደ ዙሪክ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ገና ሳምንታት ሲቀሩ

ባለቤቴ ዙሪክ ሥራ አግኝታለች። ቤትም ተገኝቷል። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሕንፃው አሮጌ ነው፣ ሊፍት የለውም። እዚህ ፍራንክፈርት ደግሞ ለዓመታት ስንሰበስብ የኖርነው ዕቃ አለ። ዋና ዋናዎቹ ባለ ሦስት በር የኦክ ቁምሳጥን፣ ኤል ቅርጽ ያለው ሶፋ፣ የምግብ ጠረጴዛና አልጋ ናቸው። የቀረው በካርቶን የሚያልቅ ነው።

ዕቃ አጓጓዦችን ዋጋ ጠየቅን። የነገሩን ገንዘብ ዕቃዎቹን ሁሉ አዲስ ይገዛል። ቁምሳጥኑን ግን የትም ሄጄ አልገዛውም። ታች ቤት የነበሩ ጀርመናዊት እናት ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲገቡ የሰጡን ነው። እንዲህ ያለ እንጨት አሁን ማንም አይሠራም። ጥዬው አልሄድም።

ስለዚህ ወዳጆቻችንን ጠራን። ጋሼ አሉ፤ አዲስ አበባም እዚህም ዕድሜያቸውን በአናጢነት የጨረሱ፣ አሁን ጡረታ የወጡ። ቀኑን ሙሉ ፓኬት ሲያደርስ የሚውል ሾፌር ጓደኛችን አለ። ዙሪክ ደግሞ ነርስ የሆነች እህታችን አለች። ሦስቱም ገና ጠይቀን ሳንጨርስ ነው እሺ ያሉት።

እኔ አንድ ነገር አምናለሁ። ሰው ጉልበቱን በነፃ ሲሰጥህ ሥራው ተዘጋጅቶ ሊጠብቀው ይገባል። አገር ቤት ደቦ የሚጠራ ገበሬ እህሉ ሳይደርስ ሰው አይጠራም፤ ጠላውም ተጠምቆ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እስከ ጉዞው ድረስ ያለው ሥራ የእኔ ነው። የእነሱ ጊዜ የሚነካው መሸከም ሲጀመር ብቻ ነው።

እሑድ፣ ልኬት

ሁሉንም ዕቃ በሜትር ለካሁ። ቁመት፣ ወርድ፣ ጥልቀት። የሚፈታው ተፈቶ፣ የማይፈታው እንዳለ። ለዙሪኳ እህታችን ላክሁላት። እሷ ደግሞ የደረጃውን ስፋት፣ የመታጠፊያውን ማዕዘን፣ የጣሪያውን ከፍታና የበሩን ወርድ ለክታ መለሰችልኝ።

ቁምሳጥኑ ስለሚፈታ አያሳስብም። አልጋውም እንደዚያው። የሚያስቸግረው ሶፋው ነው። ሁለት ቦታ ይከፈላል፣ ግን ረጅሙ ክፍል ደረጃው ላይ ሲታጠፍ በቁጥር ብቻ አይታወቅም። ጋሼን ደውዬ ጠየቅኋቸው።

«ካርቶን ቁረጥ» አሉኝ። «የሶፋውን ጎን በልኩ ቁረጥና ላክላት። እሱን ይዛ ደረጃውን ትውጣ። ካርቶኑ ከዞረ ሶፋው ይዞራል።»

ካርቶን መላክ አላስፈለገም። ልኩን በወረቀት ላይ ሥዬ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት፣ እሷም እዚያው ቆረጠች። ማታ ቪዲዮ ላከች። የሶፋ ጎን የሚያክል ካርቶን በአንድ እጇ፣ ስልኳን በሌላ እጇ ይዛ ደረጃ ትወጣለች። ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ካርቶኑ የእጅ መደገፊያውን ብረት ነካ። ወደ ጎን አጋደለችው፣ አለፈ። የሶፋው እግሮች ከተፈቱ ይገባል ማለት ነው። ከሆስፒታል አዳር ወጥታ ነው ይህን ያደረገችው። ቪዲዮውን ባለቤቴ ደጋግማ አየችው።

ማክሰኞ፣ ምን ይሄዳል ምን ይቀራል

ፍርፋሪ እንጨት ተጨፍልቆ የተሠራው ዕቃ ይቀራል ብለን ወሰንን። የመጻሕፍት መደርደሪያዎቹና የልጆቹ ኮሞዲኖ ማለት ነው። እንዲህ ያለ እንጨት አንዴ ከተገጠመ በኋላ ሲፈታ ብሎኑ የያዘበት ቀዳዳ ይሰፋል። ሁለተኛ ሲገጠም ይወላገዳል፣ ሦስተኛ አይደግምም። ድፍን እንጨት ግን ስንቴም ቢፈታ ይገጠማል። የእኔ ምክር ይህ ነው፤ ድንበር የሚያሻግሩት ዕቃ በሁለተኛው ቤት አሥር ዓመት የሚቆም መሆን አለበት።

የሳሎኑ ወለል ላይ የምንከራየውን መኪና የጭነት ቦታ በፕላስተር ምልክት አደረግሁ። ስፕሪንተር የሚባለው የጭነት መኪና፣ ረጅሙ፣ ውስጡ 4.3 ሜትር ገደማ ይረዝማል። በዚያ ምልክት ውስጥ ምን የት እንደሚቆም ሣልሁ።

ክብደትም አለ። የሾፌራችን ቢ መንጃ ፈቃድ የሚፈቅደው ጠቅላላ ክብደቱ እስከ 3.5 ቶን የሆነ መኪና ነው። በዚህ ውስጥ መኪናው ራሱ፣ ነዳጁና ሰዎቹ ይቆጠራሉ። ባዶው መኪና ከ2 ቶን በላይ ስለሚመዝን ለጭነት የሚቀረው ከ1 ቶን ብዙም አይበልጥም። የመጻሕፍት ካርቶን ትንሽ ይመስላል እንጂ ሚዛኑን የሚበላው እሱ ነው። መጻሕፍቱን ግማሽ በግማሽ ቀነስናቸው።

ሐሙስ፣ ወረቀት

ብዙ ሰው ስዊዘርላንድ ሸንገን ውስጥ ስላለች ጉምሩክ የለም ብሎ ያስባል። ሸንገን የሰዎችን መተላለፊያ ነው የሚመለከተው። ስዊዘርላንድ በአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ ማኅበር ውስጥ የለችም። ሙሉ የቤት ዕቃ ጭኖ የሚገባ ሰው ጉምሩክ ቢሮ መቆም አለበት።

ደግነቱ የሚዛወር ሰው የቤት ዕቃ ከቀረጥና ከታክስ ነፃ ነው። ሁኔታው ግልጽ ነው። ዕቃውን ቢያንስ 6 ወር ራስዎ የተጠቀሙበት መሆን አለበት፣ ከገቡም በኋላ ራስዎ የሚጠቀሙበት። ቅጽ 18.44 የሚባል አለ፤ ከስዊስ ጉምሩክ ድረ ገጽ ወርዶ ይሞላል። ከእሱ ጋር የዕቃ ዝርዝር፣ ፓስፖርት፣ የሥራ ውል ወይም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የቤት ኪራይ ውልና ከጀርመን የነዋሪነት መዝገብ መሰረዛችንን የሚያሳይ ወረቀት ይያዛል። የጀርመኑን ስረዛ ከመውጫው ቀን ከአንድ ሳምንት በላይ ቀድሞ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ መጨረሻ ላይ የሚሠራ ነው።

የዕቃ ዝርዝሩን ባለቤቴ ጻፈችው። «ቁምሳጥን፣ ኦክ፣ ያገለገለ»፣ «መሶብ፣ ሁለት»፣ «ረከቦት ከነሲኒው»። 6 ወር ያልሞላው ፍራሹ ብቻ ነው፤ እሱ በዝርዝሩ መጨረሻ ለብቻው ይጻፋል፣ ታክስ ይከፈልበታል። ደብቀን እናልፈው የሚል ሐሳብ ከዘመድ በስልክ መጥቶ ነበር። አልተቀበልነውም። ጓደኞቻችን በመኪናው ውስጥ ናቸው፤ በእኛ ፍራሽ እነሱን ጥያቄ ውስጥ አናስገባም።

ሌላው ትልቅ ነገር፣ የመዛወሪያ ዕቃ የሚስተናገደው በሥራ ቀንና በሥራ ሰዓት ነው። ቅዳሜ አይሠራም። ሰው ሁሉ ዕቃ የሚያጓጉዘው ቅዳሜ ስለሆነ ብዙዎች እዚህ ጋ ይያዛሉ። እኛ ዓርብ ብለናል። ሾፌራችን ከሥራው ፈቃድ ወስዷል።

የባለቤቴ እናት ንጥር ቅቤና ሥጋ በፍሪዘር ሞልተው ሊሸኙን አስበው ነበር። ስዊዘርላንድ ግን ሥጋ ለአንድ ሰው በቀን 1 ኪሎ፣ ቅቤም 1 ኪሎ ብቻ ነው ያለ ቀረጥ የምታስገባው። በርበሬና ሽሮ እንዲህ ያለ ገደብ የለባቸውም። እማማ በርበሬውን እጥፍ አድርገው ጫኑልን።

ረቡዕ ማታ፣ ቁምሳጥኑ ሲፈታ

ዛሬ የጋሼ ቀን ነው። የእጅ ባትሪ፣ የጎማ መዶሻና እርሳስ ይዘው መጡ። ካቻቪቴ አልያዙም። «ለዚህ ብሎን የለውም» አሉ፣ በሩን ሳይከፍቱ።

እውነታቸውን ነው። ይህ ቁምሳጥን አንድም ብሎን የለውም። የጎን ሳንቃዎቹ ጫፍ ላይ ምላስ ተቀርጾላቸዋል። ምላሱ ወደ ላይኛው ቆብና ወደ ታችኛው መሠረት ቀዳዳ ይገባና ከውስጥ በኩል በእንጨት ሽብልቅ ይታሰራል። ድሮ የሠሩት ሰዎች ከቤት ቤት እንደሚዞር አውቀው ነው የሠሩት።

ጋሼ መጀመሪያ ሁሉንም ምልክት አደረጉ። በእርሳስ፣ በማይታየው በኩል፣ ሀ ከሀ ጋር፣ ለ ከለ ጋር፣ ሐ ከሐ ጋር። እያንዳንዱ ሽብልቅም የገባበትን ቀዳዳ ፊደል ያዘ። ሽብልቆቹ ዓይን ላይ አንድ ይመስላሉ፣ ግን ለየራሳቸው ቀዳዳ የተላጉ ናቸው።

ቀጥሎ መደርደሪያዎቹ ወጡ። በሮቹ ማጠፊያቸው ከታች በትንሽ ዘንግ ላይ የሚቀመጥ ስለሆነ ወደ ላይ ብቻ ብድግ ሲሉ ለቀቁ። ከዚያ የጀርባው ሳንቃ ከቦዩ ተንሸራቶ ወጣ። ከዚያ ነው ወደ ሽብልቆቹ የሄዱት። ጋሼ በመዶሻው ከጠባቡ ጫፍ በኩል ቶክ፣ ቶክ አደረጉት፤ በኃይል አይደለም። ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው ያዳምጣሉ። ድምፁ ሲቀየር «ለቀቀ» ይላሉ፣ በጣታቸው ይስቡታል። አንዱ አልለቅ አለ። የማሞቂያው ሙቀት አድርቆታል አሉ። ጥቂት ደቂቃ ተውት፣ ሌላውን ፈቱ፣ ተመለሱበት፣ ወጣ።

ቆቡን እኔና ሾፌራችን ስናነሳ ጎኖቹን ባለቤቴና ጋሼ ይዘው ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ እኛ እንይዘዋለን» ብንላቸው አልሰሙንም።

ሽብልቆቹን በአንድ ከረጢት ጠቅልለን ከፓስፖርቶቹ ጋር አስቀመጥናቸው። እነሱ ከጠፉ ቁምሳጥኑ የሳንቃ ክምር ነው።

አጠቃለል ላይ ጋሼ አንድ ነገር አስተማሩኝ። የተወለወለ እንጨት ላይ ፕላስቲክ በቀጥታ አይጠመጠምም። ላብ ይይዝና ውልውሉን ነጭ ያደርገዋል። መጀመሪያ ብርድ ልብስ፣ ከላዩ ፕላስቲኩ። ለመስተዋቱ ደግሞ ፕላስተር በመስቀል ተለጠፈ፣ ከዚያ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ ካርቶን።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ጭነት

ከበሩ ፊት መኪና ማቆም የሚከለክል ጊዜያዊ ምልክት ከከተማው አስፈቅደን ቀደም ብለን አስተክለን ነበር። ቦታው ነፃ ነበር። ለዚህ የከፈልነው ገንዘብ አይቆጨኝም። ያለዚያ ቁምሳጥን ይዞ መንገድ መሻገር ነው።

መኪናው ግን ያዘዝነው አልነበረም። አከራዩ ረጅሙን ቃል ገብቶ መካከለኛውን ሰጠን። «ሌላ የለም» ነው መልሱ። ርዝመቱ በ1 ሜትር ገደማ ያንሳል። ሾፌራችን በጣም ተናደደ፤ መብቱም ነው። ቢያንስ ዋጋውን አስቀነሰ።

ሳሎን ገብቼ የወለሉን ፕላስተር በአንድ ሜትር አሳጠርሁት። ምን እንደሚወጣ ወዲያው ታየ። ፍሪዘሩና ሁለት የአትክልት ወንበሮች ቀሩ። ፍሪዘሩን ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤት ወሰደው። እማማም «እንኳን ቅቤውን አልሞላሁት» አሉ።

አጫጫኑን ሾፌራችን መራው። ቀን ቀን የሚሠራው ሥራ ስለሆነ ማንም አልተከራከረውም። ከባዱ ዕቃ ከሾፌሩ ክፍል ግድግዳ ጋር ተጠግቶ፣ ወደ ታች፣ ግራና ቀኝ እኩል። የቁምሳጥኑ ሳንቃዎች በጎናቸው ቆሙ። መስተዋቱ ቆሞ በሁለት ፍራሾች መሐል ገባ፤ መስተዋት ተኝቶ ከተጓዘ መንገዱ ይሰብረዋል። ሶፋው በጫፉ ቆመ። የመሶቦቹ ቦታ ከሁሉ በላይ ነው፤ ምንም አይጫንባቸውም። ከዚያ እያንዳንዱ ረድፍ በማሰሪያ ቀበቶ ከግድግዳው ሐዲድ ጋር ተጠፈረ። ሾፌራችን ቀበቶውን በእጁ መዳፍ ይመታዋል። ካልጮኸ አልጠበቀም ይላል።

ማታ መኪናው እሱ ግቢ አደረ።

ዓርብ፣ መንገድና ድንበር

ሳይነጋ ወጣን። እሱ፣ ጋሼና እኔ። ባለቤቴና ልጆቹ በባቡር ቀድመውናል። ዓርብ ስለሆነ ስንቁ የጾም ነው። እማማ ሽሮና ጎመን በእንጀራ ጠቅልለው ሰጡን። ቡናው በፔርሙስ አለ።

መንገዱ ቀላል ነው፤ ሀይዌይ ቁጥር 5ን ይዘው ካርልስሩኸንና ፍራይቡርግን አልፈው ባዝል ድረስ መውረድ ነው። እስከ ዙሪክ በጠቅላላው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በየማረፊያው ቆመን ቀበቶዎቹን እንደገና አጠበቅን። መጀመሪያው ማረፊያ ላይ ሁለቱ ላልተው ነበር። ጭነት በመንገድ ይረጋጋል፣ ሲረጋጋ ቀበቶ ይላላል።

የስዊስ ሀይዌይ ክፍያ 40 ፍራንክ ነው፤ የዓመት ብቻ እንጂ የቀን የለውም። በኢንተርኔት ሲገዛ ከሰሌዳ ቁጥሩ ጋር ስለሚታሰር ትናንት መኪናው እጃችን ከገባ በኋላ ነው የገዛነው። ስዊዘርላንድ መግባት እንደሚቻልም የኪራይ ውሉ ላይ አስጽፈናል። መኪናው የተያዘው በሾፌራችን ስም ነው፤ የሚነዳውም የሚመልሰውም የጀርመን ነዋሪ የሆነው እሱ ነው።

ቫይል አም ራይን ድንበር ላይ ከከባድ መኪኖቹ ጎን አቁመን ወረቀቱን ይዤ ገባሁ። ሠራተኛዋ ቅጹን አየች፣ ዝርዝሩን በእርሳስ እየነካች ወረደች። መሶብ ላይ ቆማ ምን እንደሆነ ጠየቀች። የምግብ ጠረጴዛ ነው አልኋት፣ ከሣር የተሰፋ። ፎቶ አሳየኋት። ራሷን ነቀነቀችና ቀጠለች። ፍራሹ ጋ ስትደርስ ደረሰኙን ሰጠኋት። 8.1 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከፈልሁ፣ 40 ፍራንክ ገደማ። ማኅተም ተመታ። መኪናው ጀርባ ተከፍቶ ታየ፣ ማንም ምንም አላወረደም።

ስወጣ ጋሼ ቡና ቀድተው ይጠብቁኛል። «አለቀ?» «አለቀ።» «እንግዲህ ጠጣ፣ እንሂድ።»

ዓርብ ከሰዓት፣ አራተኛ ፎቅ

ነርሷ እህታችን በቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸውን ወጣቶች ይዛ በር ላይ ቆማለች። የሕንፃው መግቢያ ላይም ለጎረቤቶች ማስታወሻ ለጥፋለች፤ ዛሬ ከሰዓት ዕቃ እናስገባለን፣ ስለምናስቸግራችሁ ይቅርታ የሚል። እዚህ አገር ይህ ወረቀት ትልቅ ዋጋ አለው። ሁለተኛ ፎቅ ያሉ ሽማግሌ በራቸውን ከፍተው የጫማ መደርደሪያቸውን ራሳቸው አነሱልን።

መሸካከሙን ጋሼ አሰናዱት። አንድ ሰው ዕቃውን ይዞ አራት ፎቅ አይወጣም። በየፎቁ ሰው ቆመ። ካርቶን ከእጅ ወደ እጅ ይሻገራል፣ ማንም ከአንድ ፎቅ በላይ አይወጣም። ጎበዞቹ መጀመሪያ በትከሻቸው ሊሮጡ ፈልገው ነበር። ጋሼ አስቆሟቸው።

ሶፋው የመጨረሻ ነበር። እግሮቹ ተፈተዋል። በጫፉ ቆሞ ወጣ። ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ እህታችን ከላይ ሆና «አሁን አጋድሉት፣ ወደ ግድግዳው፣ ትንሽ... ትንሽ...» አለች። ካርቶኑን ያዞረችበትን ቦታ በደንብ ታውቀዋለች። ብረቱና ሶፋው መሐል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ገባ።

ማታ በያይነቱ ቀረበ። ጎበዞቹ ፍራሽ ሳይዘረጋ ወለሉ ላይ ተቀምጠው በሉ።

ቅዳሜ፣ መግጠም

ቁምሳጥኑ በፊደሉ ተገጠመ። ሀ ከሀ፣ ለ ከለ። ጋሼ ሽብልቆቹን ሻማ ቀብተው ነው ያስገቧቸው፤ ለወደፊቱ ሲፈታ እንዳይነክስ።

ቆመ፣ በሮቹ ግን አልዘጉም። የመሐሉ በር አንድ ጣት ያህል ወርዷል። እኔ እንጨቱ የተጣመመ መስሎኝ ደነገጥሁ። ጋሼ ውሃ ልካቸውን መሠረቱ ላይ አኖሩ። ወለሉ ነው ወደ መስኮቱ የሚወርደው፤ አሮጌ ቤት ነው። የቀኙ የፊት እግር ሥር ስስ ሳንቃ እየቆረጡ አስገቡ፣ ውሃ ልኩን አዩ፣ ጨመሩ። አረፋው መሐል ላይ ሲቆም በሮቹ በጣት ተገፍተው ተዘጉ። እንጨቱን ማንም አልነካውም።

ከሰዓት በኋላ ሾፌራችንና ጋሼ ተመለሱ። የነዳጅና የሆቴል ሒሳብ በእኛ ነው፣ ለጉልበታቸው ግን ምንም አልቀበልም አሉ። ባለቤቴ ለጋሼ ሚስት ነጠላ ላከች፤ እሱን ተቀበሉ።

ሰኞ

ሾፌራችን ደወለ። መኪናውን መልሷል፣ ዕቃ ያላጎደለ ስለሆነ መያዣው ሙሉ ተመልሷል። ባለቤቴ ሥራ ጀመረች። እኔ የነዋሪነት ምዝገባውን ጨረስሁ። የቀረኝ የሶፋውን እግሮች መግጠም ነው፤ አንዱ ብሎን አዲስ ይፈልጋል።

ሾፌራችን ራሱ በወሩ መጨረሻ ወደ ኦፈንባኽ ቤት ይቀይራል። የደረጃውን ስፋትና የፍሪጁን ልክ ላከልኝ። ካርቶኑን እየቆረጥሁ ነው።